ከሊሚንግተን ወደ ፑል በባለ ሸራ ጀልባ፦ የመነሻ ሰዓትን ከነፋስና ከታይድ አስልቶ ማውጣት

ደቡብ እንግሊዝ ላይ ጀልባ ተከራይተው ከሊሚንግተን ወደ ፑል ለመሄድ የሚያስቡ ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ስንት ሰዓት ላይ እንነሳ?» መልሱ የሚጀምረው ከሌላ ጥያቄ ነው። ሐርስት ላይ፣ ማለትም በእንግሊዝ ዳርቻና በአይል ኦፍ ዋይት ደሴት መካከል ያለው ሶለንት የሚባለው ሰርጥ ወደ ምዕራብ በሚወጣበት ጠባብ ቦታ፣ ስንት ሰዓት መድረስ አለባችሁ? እሱ ከታወቀ መነሻው ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይገኛል። ቁርስ ተበልቶ፣ ዕቃ ተጭኖ፣ «በቃ እንሂድ» በተባለ ሰዓት መነሳት እዚህ ባሕር ላይ አይሠራም።

መመሪያው ጀልባ መንዳት ለሚችሉ፣ ወይም ቢያንስ አንድ የሠለጠነ ሰው ይዘው ለሚወጡ ነው። ሸራ እንዴት እንደሚሰቀል አላስተምርም። «ታይድ» ስል የባሕሩን መሙላትና መጉደል፣ «ጅረት» ስል ደግሞ በዚያ ምክንያት ውሃው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚሮጠውን ሩጫ ማለቴ ነው። አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አድሚራልቲ ቻርት 2035 (የሶለንት ምዕራባዊ መግቢያ) እና ፑልን ከነወደቡ የሚያሳይ ቻርት። ታብሌት ላይ ያለውም ይሆናል፤ ግን ቻርጅ የተደረገ ሁለተኛ መሣሪያ ይኑራችሁ።
- የዓመቱ የታይድ ሰንጠረዥ፣ የፖርትስማውዝም የፑልም።
- የሶለንት የጅረት አትላስ (ኤንፒ 337)።
- እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ፣ ርቀት መለኪያ ዲቫይደር።
- የሜት ኦፊስ የባሕር ዳርቻ ትንበያ። የእናንተ ክፍል «ከሴልሲ ቢል እስከ ላይም ሪጂስ» የሚለው ነው።
- ቪኤችኤፍ ራዲዮ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የተስተካከለ ላይፍ ጃኬት።
- ስልክ ላይ ሴፍትራክስ የሚባለው የጉዞ እቅድ ማስመዝገቢያ መተግበሪያ።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን አንድ አድርጉ

የታተሙ የእንግሊዝ ሰንጠረዦች በአብዛኛው በግሪንዊች ሰዓት ናቸው። ከማርች የመጨረሻ እሑድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ድረስ አንድ ሰዓት ይጨመርበታል። የስልክ መተግበሪያዎች ግን ብዙ ጊዜ ራሳቸው ጨምረው ነው የሚያሳዩት፤ ደግማችሁ ከጨመራችሁ አንድ ሰዓት ታጣላችሁ። ሐርስት ላይ አንድ ሰዓት ማለት በቆመ ውሃና በሚጋልብ ውሃ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስለዚህ ከሰንጠረዡ አናት ላይ የተጻፈውን የሰዓት ዓይነት ሳታነቡ ወደ ቁጥሩ አትሂዱ።

ለኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጀልባው ላይ አንዱ «5 ሰዓት ላይ እንነሳለን» ሲል ሌላው 11:00 ይሁን 05:00 አይለይም። በፈረንጅ ይሁን በሐበሻ ብላችሁ ከመከራከር እቅዱን በሙሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፉ። እኔም እዚህ እንደዚያው አድርጌያለሁ።

ደረጃ 2፦ መንገዱን ቻርቱ ላይ አስምሩ

ከሊሚንግተን ማሪና እስከ ሐርስት 4 የባሕር ማይል ገደማ ነው፦ ወንዙ ከ1 ማይል ትንሽ ያልፋል፤ ቀሪው ክፍት የሶለንት ውሃ ነው። ከሐርስት እስከ ፑል መግቢያ 14 ማይል ገደማ። በድምሩ 18 ገደማ ያዙ፤ ወደብ ውስጥ የሚሄደው ከዚህ ውጭ ነው።

መስመሩን ስታወጡ እነዚህን አክብቡ፦

- ሺንግልስ። ከሐርስት ደቡብ ምዕራብ ተዘርግቶ የተኛ የጠጠር ክምር ነው። ከፊሉ ውሃ ሲጎድል ይወጣል፤ ቅርጹም ይቀያየራል። ትንሽ ማዕበል ባለበት ቀን እንኳ እላዩ ላይ ውሃው ይሰበራል።
- ዘ ትራፕ። ሐርስት ካስል ሥር፣ ከውስጥ በኩል ያለ ጥልቀት የሌለው ቦታ። ዳርቻውን ተጠግቶ ማቋረጥ የሚወድ ሁሉ የሚያርፍበት ነው፤ ስሙም አለምክንያት አልወጣም።
- የኒድልስ ቻናል እና የሰሜን ቻናል። ከሐርስት ወደ ምዕራብ የሚወጡት በእነዚህ ነው። የመጀመሪያው በሺንግልስና በአይል ኦፍ ዋይት መካከል ያልፋል። ሁለተኛው የሐርስትን የጠጠር ዳርቻ ይዞ በሺንግልስ ሰሜን በኩል ይወጣል። ወደ ፑል ለሚሄድ ሰው የሰሜኑ ይቀርባል፤ ምዕራባዊ ነፋስ ሲኖርም ማዕበሉ ያነሰ ነው።

ሊሚንግተን ወንዝ ላይ ወደ ያርማውዝ (አይል ኦፍ ዋይት ላይ ያለ ወደብ) የሚመላለሰው ትልቁ ፌሪ መንገዱን ከሞላ ጎደል ይይዘዋል። ሲመጣ ካያችሁ ዳር ያዙ።

ደረጃ 3፦ የዕለቱን ታይድ አውጡ

የጅረት አትላሱ የሚቆጠረው ከፖርትስማውዝ ስለሆነ፣ ከፖርትስማውዝ ሰንጠረዥ ሦስት ነገር ብቻ ነው የምትፈልጉት፦ ውሃው ከፍ የሚልበት ሰዓት፣ የከፍታው ቁመት፣ የዝቅታው ቁመት። ሁለቱ ቁመቶች ሲቀናነሱ የዕለቱ ልዩነት ይወጣል። ልዩነቱ ጅረቱ ምን ያህል እንደሚበረታ ይነግራችኋል።

ፖርትስማውዝ ላይ በአማካይ በስፕሪንግ (አዲስና ሙሉ ጨረቃ ካለፉ በኋላ ባሉት ቀናት) ልዩነቱ 3.9 ሜትር፣ በኒፕ (ግማሽ ጨረቃ ካለፈ በኋላ) 1.9 ሜትር ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ኒፕ ቀን ምረጡ። ማሪናው ያው፣ ጀልባው ያው፣ ጅረቱ ግን ግማሽ ነው። ስለዚህ የኪራዩን ቀን ከመክፈላችሁ በፊት የጨረቃዋን ቀን ማየት ያዋጣል።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ የሰኔ ቀን እንውሰድ። ሰንጠረዡ ከፍተኛ ውሃ 12:10 በ4.6 ሜትር፣ ዝቅተኛ ውሃ 17:25 በ0.9 ሜትር ይላል እንበል፤ ሁለቱም በግሪንዊች። በበጋ ሰዓት 13:10 እና 18:25 ይሆናሉ። ልዩነቱ 3.7 ሜትር ነው፤ ስፕሪንግ ማለት ይቻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሌላ ቦታ የተማራችሁትን «የአሥራ ሁለተኛ እጅ» ስሌት ለጥልቀት እዚህ አትጠቀሙ። በሶለንትና በፑል አካባቢ ውሃው ሞልቶ ለረጅም ጊዜ ይቆማል፣ አንዳንድ ቦታም ሁለት ጊዜ ይሞላል። ስሌቱ እኩል የሚወጣና የሚወርድ ባሕር ይፈልጋል። የየወደቡን ሰንጠረዥና ኩርባ ተጠቀሙ።

ደረጃ 4፦ በሩን ፈልጉ

ሐርስት የጀበና አንገት ነው። የምዕራብ ሶለንት ውሃ ሁሉ በዚያች ጠባብ ቦታ ተጨናንቆ ስለሚያልፍ በስፕሪንግ ጅረቱ ከ4 ኖት በላይ ይደርሳል። የተለመደ የኪራይ ጀልባ 5 ኖት ይሄዳል። ከጅረቱ ጋር ከሆናችሁ መሬቱ በ9 ኖት ያልፋል፤ ተቃራኒ ከሆናችሁ 1 ኖት ትቀራችኋለች፣ የሐርስት ካስልንም ግንብ ለሰዓታት እያያችሁ ትቆማላችሁ።

አትላሱን ግለጡ። ከፍተኛው ውሃ ከመድረሱ 6 ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ 6 ሰዓት በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ገጽ አለው። «ከፍተኛ ውሃ» በሚለው ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ 12:40–13:40 ብላችሁ ጻፉ፤ ገጹ የሚያገለግለው ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ግማሽ ሰዓት አልፎ ስለሆነ ነው። ከዚያ ወደፊትም ወደ ኋላም አንድ አንድ ሰዓት እየጨመራችሁና እየቀነሳችሁ የቀሩትን ሙሉ። ይቺ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት፤ ባሕር ላይ ጀልባው እየተናጠ ግን በጣት መቁጠር አይቻልም።

ገጾቹን ስታገላብጡ ሐርስት ላይ ቀስቶቹ ወደ ምዕራብ የሚዞሩት ከፖርትስማውዝ ከፍተኛ ውሃ 1 ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ እንደሆነ፣ ከከፍተኛው ውሃ በኋላም እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ እንደዚያው እንደሚቆዩ ታያላችሁ። በምሳሌያችን ከ12:10 ገደማ እስከ 17:40 ገደማ ማለት ነው። በሩ ክፍት የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

ቀስቶቹ አጠገብ ጥንድ ጥንድ ቁጥር አለ። «22፣44» ካለ በኒፕ 2.2 ኖት፣ በስፕሪንግ 4.4 ኖት ማለት ነው። ለዕለቱ ለማውጣት፦ የዕለቱ ልዩነት (3.7) ሲቀነስ የኒፕ ልዩነት (1.9) 1.8 ነው። ይህ ከስፕሪንግና ኒፕ ርቀት (2.0) 90 በመቶው ነው። ስለዚህ 2.2 ላይ የ2.2ን 90 በመቶ ጨምሩ፤ 4.2 ኖት ይወጣል። በትክክል ማስላቱ የሚጠቅመው በኒፕና በስፕሪንግ መካከል ላሉት ቀናት ነው፤ በግምት «መካከለኛ ነው» የሚባለው ቀን ብዙ ጊዜ ወደ ስፕሪንግ ያጋደለ ሆኖ ይገኛል።

ደረጃ 5፦ ነፋሱን ከጅረቱ ጋር አጋጥሙ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። እስካሁን የወጣው «ከ12:10 እስከ 17:40» ታይድ ብቻውን የሰጠን ነው። ነፋሱ ከዚህ ውስጥ ገሚሱን ሊሰርዘው ይችላል።

እዚህ አካባቢ ተደጋግሞ የሚነፍሰው ከደቡብ ምዕራብ ነው። ወደ ፑል የሚወስደው ጅረት ደግሞ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ማዕበሉ ያጥራል፣ ይቆማል፣ ይሰበራል። ሦስት ቀን ሙሉ ረጋ ብሎ ሲመጣ የነበረ ማዕበል ሐርስትና ሺንግልስ ላይ ሲደርስ ግድግዳ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። ትንበያው ደቡብ ምዕራብ ፎርስ 4 ይላል (ፎርስ የነፋስ ጥንካሬ ደረጃ ነው)፤ 14 ኖት እንበል። ውሃው በ4 ኖት ወደ ነፋሱ እየሮጠ እናንተን ተሸክሟችሁ ሲሄድ በውሃው ላይ የሚነፍሰው 18 ኖት ይሆናል፤ ይህ ፎርስ 5 ነው። ያው 14 ኖት ከምሥራቅ ቢመጣ ግን 10 ኖት ብቻ ይቀራል፤ ፎርስ 3። ትንበያው አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጥቶ ባሕሩ ግን ሁለት ዓይነት የሚሆነው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ትንበያው የሚናገረው አማካዩን ነው፤ ብው ብሎ የሚመጣው ነፋስ ከዚያ 40 በመቶ ሊበልጥ ይችላል።

ሞቃት የበጋ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላም ይጨመራል። መሬቱ ሲሞቅ ከባሕሩ የሚነሳው ነፋስ እዚህ ዳርቻ ላይ ከደቡብ ምዕራቡ ጋር ይደራረባል። ጠዋት ፎርስ 3 የነበረው 15:00 ላይ 4 ወይም 5 ቢሆን ትንበያው ተሳሳተ አትበሉ።

እኔ የምወስነው እንዲህ ነው፦

- ምሥራቅ ወይም ሰሜን ምሥራቅ እስከ ፎርስ 4፦ በሩ ክፍት በሆነበት በማንኛውም ሰዓት። ግን ፑል መግቢያ ላይ ሌላ ጣጣ አለ፤ ደረጃ 7ን እዩ።
- ሰሜን ወይም ሰሜን ምዕራብ፦ ከመሬት ስለሚነፍስ ውሃው ለጥ ያለ ነው። ከሁሉ ምርጡ ይህ ነው።
- ደቡብ ምዕራብ ወይም ምዕራብ ፎርስ 3፦ ሂዱ፤ በሰሜን ቻናል።
- ደቡብ ምዕራብ ወይም ምዕራብ ፎርስ 4፦ በሩ እንደተከፈተ፣ ጅረቱ ሳይበረታ እለፉ። በምሳሌያችን ከ13:00 በፊት። ካለፈ ቀርቷል።
- ደቡብ ምዕራብ ፎርስ 5 እና ከዚያ በላይ ከስፕሪንግ ጋር፦ አትሂዱ። ሊሚንግተን ቅዳሜ ቅዳሜ ጥሩ የጎዳና ገበያ አለው።
- ጭጋግ ከተተነበየ ነፋሱ ምንም ቢሆን ቅሩ። በሺንግልስ ዙሪያ ጅረቱ በሰያፍ ወደ ክምሩ ይገፋል፤ ምልክቶቹን ሳታዩ መንሸራተታችሁን አታውቁትም።

ለምሳሌያችን ደቡብ ምዕራብ ፎርስ 4 እንያዝ። ሐርስት 12:20 ላይ መድረስ አለብን ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ከወንዙ አፍ እስከ ሐርስት 2.5 ማይል ነው። በዚያን ሰዓት ጅረቱ ገና ወደ ምሥራቅ እየተንፏቀቀ ስለሆነ ከ5 ኖት 1 ቀንሱ፤ በ4 ኖት 40 ደቂቃ ገደማ። ወንዙ ላይ የፍጥነት ገደብ አለ፣ ፌሪም አለ፤ 30 ደቂቃ ስጡት። 10 ደቂቃ መጠባበቂያ። በድምሩ 80 ደቂቃ። ከ12:20 ሲቀነስ 11:00። ገመዱ የሚፈታው በዚህ ሰዓት ነው። ሰዎቻችሁ ጀልባ ላይ መገኘት ያለባቸው ደግሞ 10:00 ላይ ነው፤ «11:00 እንነሳለን» ከተባለ 11:00 ላይ መኪና የሚያቆም ሰው አይጠፋም።

ወደፊት ሲቆጠር፦ ነፋሱ ከፊት ስለሆነ በቀጥታ አትሄዱም፤ ግራና ቀኝ እየቀያየራችሁ ነው። እንደዚያ ሲሆን ርቀቱን በ1.4 ያህል አባዙ፣ ወይም ፍጥነቱን ከ5 ወደ 3.5 አውርዱ። በአማካይ 1 ኖት ጅረት ይጨመራል፤ 4.5 ኖት። 14 ማይል በ4.5 ሲካፈል 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ። ፑል መግቢያ ደጃፍ 15:30 ትደርሳላችሁ።

ደረጃ 7፦ ሁለተኛውን በር አትርሱ

ብዙ ሰው ሐርስትን በትክክል አስልቶ ፑል ላይ ይሸወዳል። የፑል ወደብ ሰፊ ነው፤ አፉ ጠባብ ነው። በምሳሌያችን 15:30 ላይ ወደቡ እየጎደለ ነው፤ ውሃው በዚያ አፍ እየጋለበ ይወጣባችኋል። ሐርስትን የሚከፍት ታይድ ፑልን ይዘጋል።

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማግኘት ስለማይቻል አንዱን ጌታ አድርጉ። በደቡብ ምዕራብ ነፋስ ጌታው ሐርስት ነው፤ ፑል ላይ ትጠብቃላችሁ። መጠበቂያው ስተድላንድ ቤይ ነው። ከወደቡ አፍ ወጣ ብሎ፣ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ነፋስ የተከለለ ነው። የባሕር ሣሩን ለመጠበቅ መልሕቅ እንዳይጣልበት የተጠየቀ ክልል አለ፤ ቻርት ላይ እዩትና ከዚያ ውጭ ጣሉ፣ ወይም እዚያ የተተከሉትን ማሰሪያዎች ተጠቀሙ። ምግብ በልታችሁ ዝቅተኛው ውሃ አካባቢ ትገባላችሁ። ሰዓቱን ከፑል ሰንጠረዥ አንብቡ እንጂ ከፖርትስማውዝ አትገምቱ። በሰኔ እስከ 21:00 ድረስ ብርሃን ስላለ ጥድፊያ የለም።

ነፋሱ ከምሥራቅ ወይም ከደቡብ ምሥራቅ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ሐርስት ለስላሳ ይሆናል፤ ከፑል የሚወጣው ውሃ ግን ከነፋሱ ጋር ደጃፉ ላይ ይጋጠማል። ስተድላንድም ለምሥራቅ ክፍት ስለሆነ አይከልልም። በዚህን ጊዜ ጌታው ፑል ነው፦ ከዚያ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

ስትገቡ ዋናውን ስዋሽ ቻናልን ያዙ፤ ትልልቅ ፌሪዎች የሚገቡበት ስለሆነ ጥልቅ ነው። ሳንድባንክስ ላይ በሰንሰለት የሚጎተት የመኪና ፌሪ ይሻገራል። የመዝናኛ ጀልባ ለእሱ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ሲንቀሳቀስ በፊቱ አትለፉ።

ደረጃ 8፦ የመመለሻ ነጥብ ወስኑ

ሐርስትን አልፋችሁ «ይቅርብን» ማለት ይቻላል፤ መመለስ ግን አይቻልም፤ በ4 ኖት ላይ 5 ኖት ጀልባ ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል። ስለዚህ ውሳኔው ከሐርስት በፊት ነው። ወንዙን እንደወጣችሁ ወደ ምዕራብ ተመልከቱ፤ ከሺንግልስ በኩል ነጭ አረፋ ከታየ ወይም ነፋስ መለኪያው ያለማቋረጥ ከ17 ኖት በላይ ካለ ወደ ያርማውዝ ዙሩ። ፊት ለፊታችሁ ነው፤ በማንኛውም ታይድ ይገባል።

ሐርስት ስትደርሱ አንዱን ተንሳፋፊ ምልክት አስተውሉ። ውሃው በየትኛው ጎኑ እየተሰነጠቀ፣ በየትኛው በኩል ጅራት እየሠራ እንደሆነ እዩ። ጅራቱ ወደ ምዕራብ ከሆነ ጅረቱ ዞሯል፤ ገና ወደ ምሥራቅ ከሆነ ቀድማችኋል ወይም ሰዓቱን አዛብታችኋል።

ደረጃ 9፦ በአንድ ወረቀት ጻፉት

ጀልባው መሪ አጠገብ የሚለጠፍ፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ፦

10:00 ሁሉም ጀልባ ላይ፣ ላይፍ ጃኬት ተለክቶ
10:30 አዲሱ ትንበያ ተነብቧል
11:00 ገመድ መፍታት
11:30 የወንዙ አፍ፤ ሸራው ገና እዚህ ይቀነሳል
12:20 ሐርስት፣ በሰሜን ቻናል
13:00 ካልደረስን፦ ያርማውዝ
15:30 ስተድላንድ፤ መልሕቅ
ከ18:00 በኋላ፦ የፑል ሰንጠረዥ እንዳለው መግባት

ሸራውን ወንዙ አፍ ላይ ቀንሱ ያልኩት ሐርስት ላይ እጅም ቦታም ስለማይኖር ነው። ይህንኑ እቅድ ሴፍትራክስ ላይ አስገቡ፤ በሰዓታችሁ ካልደረሳችሁ የመረጣችሁት የመሬት ሰው መልእክት ይደርሰዋል፣ የባሕር ጠባቂዎቹም መንገዳችሁን ማየት ይችላሉ። ስትደርሱ መዝጋት አትርሱ። ቪኤችኤፍ ቻናል 16 ክፍት ይሁን።

ተደጋግመው የሚሠሩ ስህተቶች

- የሊሚንግተንን ከፍተኛ ውሃ ይዞ የፖርትስማውዝን አትላስ ማንበብ። አትላሱ የሚቆጠረው ከፖርትስማውዝ ብቻ ነው።
- «ውሃው ሲሞላ ጅረቱ ይቆማል» ብሎ ማሰብ። ሐርስት ላይ ጅረቱ የሚዞረው ከፍተኛው ውሃ ከመድረሱ 1 ሰዓት ገደማ ቀድሞ ነው። ቁመትና ሩጫ በአንድ ሰዓት አይሄዱም።
- የነፋስ መተግበሪያ አንዱን ብቻ ማየትና ደስ የሚለውን መምረጥ። ሁለት ትንበያ ከተለያየ ለከፋው አቅዱ።
- የመልሱን ጉዞ አለማቀድ። እሑድ ከፑል ስትመለሱ በሩ የሚከፈተው ጅረቱ ወደ ምሥራቅ ሲሆን ነው፤ ሰዓቱም ከቅዳሜው በቀን 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ጀልባውን 17:00 ላይ አስረክቡ ከተባላችሁና ታይዱ ከሰዓት በኋላ ካልሆነላችሁ፣ ሌሊት ከመነሳት ወይም ቅዳሜን ያርማውዝ ከማደር ሌላ ምርጫ የለም። ይህን ከኪራዩ በፊት እወቁት።